ሁለቱ ሙመዶችና የፋርቱን ፊርማ

ፋርቱን የተቀጠረችው የተማምን ሥራ ለማበላሸት ነበር። ተንኮል አይደለም፤ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልበት ሥራ ነው። ተማም ድሬዳዋ ላለው የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጽፋል፤ ፋርቱን ደግሞ ፕሮግራሙ የት ላይ እንደሚሰናከል እየሞከረች ትፈልጋለች። እሱ ቋሚ ሠራተኛ፣ እሷ በየሦስት ወሩ የምትታደስ ኮንትራት።

በግቢው ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ያለው የኮምፒዩተሩ ክፍል ብቻ ነበር። ስለዚህም ለቴክኖሎጂ ያላቸው ፍቅር በሙቀቱ ወራት የሚብስባቸው ኃላፊዎች ማሽኑን «ለመጎብኘት» ይመላለሳሉ። ኮንትራት ሠራተኛ የሚገባው ግን ለሙከራ ብቻ ነው። ሙከራው ሲያልቅ ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ ላቡ።

በተገናኙበት ቀን ፋርቱን አንድ መኪና ከአሰብ የተመለሰው ሐሙስ፣ ወደ አሰብ የወጣው ደግሞ በማግስቱ ዓርብ ነው ብላ አስገባች። ማሽኑ ቅር ሳይለው ተቀበላት። ሳቀች።

«ምን ያስቃል?» አለ ተማም።

«መኪናህ ሳይሄድ ተመለሰ።»

«እንዲህ ብሎ የሚያስገባ ጤነኛ ሰው አለ?»

«የስምሪት ክፍል ሰዎችን ከምሳ በኋላ አይተሃቸው ታውቃለህ? አቦ አንተ ደግሞ!»

ሊቆጣ ፈልጎ አልሆነለትም። ቀና ሲል ዓይኗ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ለድርጅቱ ይሁን ለፋርቱን፣ ለራሱም አልለይ አለው። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላ ታገኝበታለች። ሰው ስህተቱን ሲነግሩት ይከፋዋል፤ ተማም ግን ምንም ያላገኘችበት ቀን ይከፋው ጀመር። ከቀፊራ ገበያ ሙሸበክ ገዝቶ ይመጣና ኮሪደሩ ላይ ይሰጣታል። ጣፋጩ ጣቶቿ ላይ ይጣበቃል፤ እሱ ያያል፤ እሷም እንደሚያይ ታውቃለች። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከማሽኑ ጩኸት በላይ ስለሚሰማ ጸሐፊዋ ሳሕራ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «እየሠራችሁ ነው ወይስ እየተያያችሁ?» ትላለች።

አንድ አመሻሽ ላይ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሲሄዱ፣

«ለትምህርት ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ልላክ ነው» አላት። «ሁለት ዓመት። ፕሮግራሙ ለአብዮት በዓል በደህና ከተመረቀ።»

ፋርቱን እርምጃዋን ቀነሰች። ክንዷን ግን ከክንዱ አላራቀችም።

የቅርንጫፉ ኃላፊ ጓድ ማዘንጊያ ለፕሮግራሙ አንድ ትዕዛዝ ሰጥቶ ነበር። በድርጅቱ ውስጥ ሳይኖሩ ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች አሉና፣ አንድ ስም ከነአባቱ ሁለት ጊዜ ከመጣ ማሽኑ አንዱን ይሰርዝ! ሐሳቡ በስብሰባ ላይ ስለተጨበጨበለት የሚጠይቀው አልተገኘም። እንግዲህ ይህ ድሬዳዋ ነው፤ መንገድ ላይ «ሙመድ!» ብለህ ብትጣራ ግማሹ መንገደኛ ዞሮ «አቤት» የሚልበት ከተማ።

በዓሉ ሲቃረብ ፋርቱን የሾፌሮቹን እውነተኛ ስም አስገባች። ከመካከላቸው ሁለቱ ሙመድ ዒልሚ ናቸው፤ ዘመድም አይደሉ። አንዱን ሙመድ ረጅሙ፣ ሌላውን ሙመድ ሳቂታው ይሏቸዋል። ማሽኑ ረጅሙን አስቀርቶ ሳቂታውን አጠፋው። በማግስቱ ጠዋት ከማሽኑ የወጣውን ዝርዝር የያዘው ዘበኛ በር ላይ አቆመው።

«ስምህ የለም።»

«እኔ ግን አለሁ!»

«እሱን ለማሽኑ ንገረው።»

ሙመድ ሳቂታው ሳይስቅ ሲውል ያን ዕለት ታየ።

ማዘንጊያ ፋርቱንን ቢሮው አስጠራት።

«ጓድ ፋርቱን፣ የቋሚነት ደብዳቤሽ ተተይቦ የእኔን ፊርማ ይጠብቃል። እኔም ያንቺን እጠብቃለሁ። 'ፕሮግራሙ ተፈትኖ እንከን አልተገኘበትም' ይላል። እዚህ ጋ።»

«ሰው ጠፍቶበታል እኮ።»

«ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ሲባል አንድ ሙመድ ቢጎድል…»

«እዚህ ከተማ ሰፊው ሕዝብ ራሱ ሙመድ ነው።»

የማዘንጊያ እስክሪብቶ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «ትፈርሚያለሽ አትፈርሚም?»

«አልፈርምም።»

ወሬው ኮሪደሩን ከእሷ ቀድሞ ጨርሶት ነበርና ተማም በሩ ላይ ጠበቃት።

«ፈርሚ እንጂ! ከበዓሉ በኋላ የአያት ስም እጨምርበታለሁ። አያት ለመጨመር ሁለት ሳምንት ይበቃኛል።»

«ከበዓሉ በኋላ አንተ ሶፊያ ነህ።»

«ቋሚ ልትሆኚ ነው እኮ! አባትሽ ከቤት ውለዋል፣ ቤቱ የቆመው ባንቺ ነው። እልሁ ለማን ነው?»

«ቤቴን አትንካብኝ። አንተ የዚህ ከተማ ልጅ አይደለህም? ያን ትዕዛዝ ስትጽፍ ሰው እንደሚያጠፋ አላወቅህም?»

ተማም ጫማውን አየ። «አውቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ዓይኔን እያየህ ፈርሚ በለኝ።»

ሞከረ። አልቻለም። ፋርቱን ወንበሯን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ጎትታ ጀርባዋን ሰጠችው፤ በነጋታው ሙሸበኩን ቢያመጣም ሳይነካ ዋለ፤ ጉንዳን በላው።

የምርቃቱ ቀን ማሽኑን ወደ አዳራሹ አወጡት። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች ከፊት፣ ሾፌሮቹ ከኋላ ተደረደሩ፤ የዕለቱ በር ለሁሉም ክፍት ነበርና ሳቂታውም ከመካከላቸው አለ። ማዘንጊያ ያለ ፊርማው ሊወጣው ወስኗል፤ ጭብጨባ ካለ ፊርማ ለምኔ! ማሽኑን እያሠራ የሚያሳይ ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ከፋርቱን በቀር በፍጥነት የሚተይብ ደግሞ የለም።

«እስቲ ከሾፌሮቻችሁ አንዱን ፈልጊልን» አሉ መነጽር ያደረጉት ትልቁ እንግዳ።

ፋርቱን ወደ ኋላ ዞረች። «ሙመድ ዒልሚ ማነው? ይነሳ!»

ሁለት ሰው ተነሣ። አዳራሹ ሳቀ። ተየበች። ማሽኑ አንድ ሰው ብቻ አወጣ፤ ረጅሙን።

«እኔስ?» አለ ሳቂታው። «ወላሂ ጠዋት ቁርስ በልቻለሁ፤ የሞተ ሰው ፉል ይበላል?»

አሁን የሚስቅ ጠፋ። እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁ። «የተሳሳተው ማሽኑ ነው ወይስ ልጅቷ?»

«ልጅቷ!» አለ ማዘንጊያ ፈጥኖ። «ኮንትራት ናት።» እንደ በሽታ ስም ነበር የጠራው።

«ፕሮግራሙን የጻፈውስ ማነው?»

ተማም ተነሣ። ሶፊያ በአንድ ቃል ርቀት ላይ ነበረች፤ 'ልጅቷ' ማለት ብቻ ይበቃል። ወደ ፋርቱን ተመለከተ። አልለመነችውም፤ አልተቆጣችውም። ዓይኑን እያየች ጠበቀች። አሁን ግን ዓይኑን አልሰበረም።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። «ማሽኑ ድጋሚ የመጣ ስም ይሰርዝ ተብዬ ታዘዝኩ። ሰው እንደሚሰርዝ እያወቅሁ ጻፍኩት። እሷ ተናግራለች። ፈርሚ ብዬ የወተወትኳትም እኔ ነኝ።»

ምርቃቱ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሙመድ ሳቂታው ከነሳቁ መሪው ላይ ተመለሰ። ሂሳቡ የተወራረደው ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ነው። የተማም የትምህርት ዕድል ኮምፒዩተር አጠገብ ቆሞ ፎቶ ሲነሣ ለሚያምርበት ጓድ ተላለፈ፤ እሱ ራሱ ወደ መለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። ፋርቱን ግለ ሂስ ካደረገች ኮንትራቷ እንደሚታደስ ተነገራት።

ቆመች።

«ጓዶች፣ የቀጠራችሁኝ ስህተት ፈልጊ ብላችሁ ነው። ፈለግሁ፣ አገኘሁ። ጥፋቴ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብዬ መናገሬ ነው፤ ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ማዘንጊያ «ማነው እሱ?» ብሎ ሲጮህ፣ ሾፌሮቹ በአንድ ድምፅ «ሙመድ!» አሉት።

ተማም ከዚራ ላይ ደረሰባት። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ከተማው ምሳውን በልቶ መስኮቱን ዘግቶ ተኝቷል። ከሁለቱ በቀር መንገድ ላይ ውሻ እንኳ የለም።

«ለምን መጣህ? አንተ እኮ ቋሚ ነህ።»

«አዎ፣ ከብሎን ጋር።»

«ሶፊያስ?»

«ብርድ ነው አሉ።»

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አመለጣት። ሳቋ የቪላዎቹን ግንብ መትቶ ተመለሰ።

«ቀስ በይ፣ ሰው ተኝቷል» አላት።

«ይነሳ!»

አንድ መስኮት ተከፈተና ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ብቅ አሉ። «ምንድን ነው በእኩለ ቀን? ጅብ ገባ?»

«ከሥራ ወጥቼ ነው እማማ!» አለች ፋርቱን።

«እና ይሄ ያስቃል?»

«ላገባት ነው» አለ ተማም፤ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

ሴትዮዋ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። «እሷ ታውቃለች?»

«አሁን ሰማች።»

ፋርቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረች። ላብ ከግንባሩ እስከ አገጩ ይወርዳል፤ ሊጠርገውም አልሞከረ።

«ሥራ የለኝም» አለችው። «አባቴ የሚጦረው በእኔ ነው፤ ያም አይቀየርም። አፌም አይታሰርም። ያጠፋህ ቀን በሰው ፊት እነግርሃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ፈርሚ ያልከኝንም ገና አልረሳሁትም።»

«አትርሺው።»

ሴትዮዋ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ። «ልጄ፣ ፀሐይዋ ሳትገላችሁ መልሽለት እንጂ!»

«እሺ!» አለች ፋርቱን፤ ድምጿን ሳትቀንስ። እጁን ያዘችውና የመንገዱን ዳር ጥላ ትታ መሐሉን፣ ፀሐዩን ይዛው ሄደች። ከኋላቸው መስኮቶች አንድ በአንድ ይከፈቱ ጀመር።