ቧንቧው ምንም አላጠፋም

«እትዬ፣ በዚህ ሙያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሽታ ግን አፍንጫዬን ገጥሞት አያውቅም» አሉ ቧንቧ ሠሪው፣ ጭንቅላታቸውን ከእጅ መታጠቢያው ሥር ሳያወጡ።

እናት የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን በፎጣ ይዛለች። «የበሰበሰ ዓሣ እኮ ነው የሚሸተው! እኛ ቤት ደግሞ ዓሣ ከገባ ዓመት አልፎታል።»

«እንግዲህ በቧንቧው እየዋኘ መጥቶ ይሆናላ።»

የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ሳሎን ሶፋው ላይ ውሻዋን ታቅፋ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ትምህርት ቤት «ራዲዮ» ነው የሚሏት፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። አስተማሪው አስነጥሶ ጥቁር ሰሌዳው እንደወደቀ፣ ጎረቤታቸው ሲያንኮራፋ የግቢው በር ብድግ ብሎ እንደሚከፈት እየማለች ታወራለች። ዛሬ ግን ባትሪዋ አልቋል። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረማ። ሽታው እዚሁ እቅፏ ውስጥ ነበር፤ ጭራውን እየነቀነቀ።

ስሙ ዳኛው ነው። ቡናማ፣ እግረ አጭር፣ ግንባሩ የተሸበሸበ ውሻ ነው፤ ሰው ሲያይ ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ ሊሰጥ የተዘጋጀ ይመስላል።

ነገሩ የጀመረው ከአሥራ ስምንት ቀን በፊት ነው። ዳኛው ሳሎን መሐል ቂጡን ወለሉ ላይ አሳርፎ፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በፊት እግሮቹ ራሱን እየጎተተ ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ራዲዮ በሳቅ ፈረሰች። በስልኳ ቀረጸችውና «ዳኛው መንጃ ፈቃድ አወጣ! ፍሬን የለውም፣ ዞር በሉ!» ብላ ለክፍሏ ልጆች ላከችው። ክፍሉ ቀውጢ ሆነ። በማግስቱ ደግሞ ዳኛው ደረጃውን በፍጥነት ሲወርድ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞት፣ ፊቱን አይቶ ደንግጦ፣ ሰላምታ ሰጥቶ እንደለቀቀው ተረከችላቸው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «ዛሬስ የት ነዳ?» እያሉ በር ላይ ይጠብቋት ጀመር። እሷም ዳኛው በነዳ ቁጥር ወተት ውስጥ የተነከረ ዳቦ ትሸልመዋለች።

በስድስተኛው ቀን ሽታው መጣ። ዝንብ እንኳ ቤት ከገባች በኋላ መስኮት ክፈቱልኝ የምትል ነበር የሚመስለው። ዳኛው ጨዋታውን ሁሉ ትቶ የመታጠቢያ ቤቱ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተጋድሞ ጭራው ሥር ሲልስ ይውላል። አንድ ቀን ራዲዮ ጭራውን ቀና አድርጋ ብታይ፣ ከፊንጢጣው በስተግራ ቀልቶ ያበጠ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ነገር አየች።

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ግን ከተናገረች ቪዲዮዎቹ ቀልድ መሆናቸው ይቀራል፤ ራዲዮም በታመመ ውሻ ሙድ ስትይዝ የከረመች ልጅ ትሆናለች። ስለዚህ የአባቷን ሽቶ ከመሳቢያ አውጥታ ጭራው ሥር ሁለት ጊዜ ረጨችበት። ዳኛው እንደዚያ ሲጮኽ ሰምታው አታውቅም። አልጋ ሥር ገብቶ እስኪመሽ አልወጣም። ሽታውም አልጠፋም፤ ሽቶ የተቀባ የበሰበሰ ዓሣ ሆነ እንጂ።

«ከወለሉ ሥር ነው» አሉ ቧንቧ ሠሪው በመጨረሻ፣ መፍቻቸውን እየጠረጉ። «ከምሳ በኋላ መዶሻ ይዤ እመለሳለሁ። ሴራሚኩ መፍረሱ ነው።»

«ሴራሚኬ!» አለች እናት። ያን ሰማያዊ ሴራሚክ ሦስት ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞራ የመረጠችው እሷ ናት።

ራዲዮ ዳኛውን ይበልጥ ወደ ራሷ ሳበችው።

ቧንቧ ሠሪው ከመውጣታቸው ቡሽ እየሮጠ መጣ። ቡሽ አምስት ዓመቱ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ፣ አጭርና ድቡልቡል፣ ከተወረወረበት ነጥሮ የሚመለስ። «ንዳ! ዳኛው፣ ንዳ!» ብሎ ከሶፋው ላይ ጎትቶ አወረደውና ጭራውን ይዞ ከኋላ ገፋው።

ዳኛው ዞሮ እጁን ነከሰው።

ቡሽ አለቀሰ፤ እናት ተንደርድራ መጥታ እጁን በሳሙናና በውሃ ደጋግማ አጠበችው። ሁለት የጥርስ ምልክት ነበር። አባት ከጓዳ ወጥቶ ምልክቱን አየ፤ ከዚያ ውሻውን አየ። እሱ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ኃላፊ ነው።

«ልጅ የነከሰ ውሻ እዚህ ቤት አያድርም» አለ። «መጋዘኑ በር ላይ ሰንሰለት አለ። አሁኑኑ ይሄዳል።»

«አባዬ፣ እሱ እኮ...»

«እሱ እኮ ምን?»

ራዲዮ ያን ሰንሰለት ታውቀዋለች። የድሮው የመጋዘን ውሻ ታስሮበት ይዞር የነበረበት ቦታ ሣር የማይበቅልበት ክብ ሆኖ ቀርቷል። «ምንም» አለች። «አብሬ ልሸኘው።»

መኪናው ውስጥ ዳኛው መቀመጥ አልቻለም። የኋላ ወንበር ላይ ቆሞ፣ በየመታጠፊያው እየተንገዳገደ፣ አገጩን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ትንፋሹ ያቃጥላል። ከመንገዱ ማዶ የእንስሳት ሐኪም ምልክት አየች። ምልክቱ ቀረበ፤ ጎናቸው ደረሰ፤ ሊያልፍ ሆነ።

«አባዬ፣ አቁም!»

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ አይደለሁም። ዳኛውን አሞታል። ጭራው ሥር።»

አባቷ በመስታወቱ አያት። መኪናውንም ጥግ አስያዘ።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ጓንቷን አጥልቃ የዳኛውን ጭራ ስታነሳ ፊቷ ምንም አልተለወጠም። አባት ግን ሁለት እርምጃ አፈገፈገ።

«እዚህ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ» አለች። «ውሻ ሁሉ አለው። ውሾች የሚተዋወቁት በዚያ ጠረን ነው፤ መታወቂያ ወረቀት በሉት። ጠንከር ያለ ሰገራ ሲወጣ ተጨምቀው ይፈሳሉ። ሰገራው ከቀጠነ ግን የሚጨምቃቸው የለም፤ ይሞላሉ፣ ይደፈናሉ፣ እንዲህም ይመግላሉ። ወለል ላይ እየተጎተተ ነበር?»

«አዎ» አለች ራዲዮ።

«ምን ይበላል?»

«ዳቦ በወተት። ሲ... ሲጎተት የምሰጠው።»

«ወተት ብዙ ውሾችን ያስቀምጣቸዋል።» ሐኪሟ ጎንበስ አለች። «ቆዳውም ተቃጥሏል። ምን ነክቶት ነው?»

አባት ቀረብ ብሎ አሸተተ። ግንባሩ ልክ እንደ ዳኛው ተሸበሸበ። «ይሄ የእኔ ሽቶ ነው!»

«መቼ ነው የጀመረው?» አለች ሐኪሟ።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ራዲዮ በአንድ ትንፋሽ ሰባት መልስ ትፈጥራለች። «ዛሬ ጠዋት» ማለት ይቻላል። «ቡሽ ነው የረጨበት» ማለትም ይቻላል፤ ቡሽ እንደሆነ ምንም ነገር አድርገሃል ቢሉት አዎ ይላል። ዳኛው ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ አገጩን ክንዷ ላይ አሳርፏል። ወደ ላይ ያያታል። የፍርድ ፊት አልነበረም፤ ደክሞታል።

«አሥራ ስምንት ቀኑ ነው» አለች። «እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ቪዲዮውን፣ ዳቦውን፣ ሽቶውን። አንድም ቅመም አልጨመረችበትም። ሲነገር ደግሞ እንዴት አጭር ነበር!

ሐኪሟ ማደንዘዣ ወግታ ከረጢቱን ከፈተችው። መግሉ ሲፈስ የወጣውን ሽታ ሌላ ቀን ቢሆን ራዲዮ የግድግዳውን ሰዓት አስቆመ ብላ ታወራው ነበር። አሁን ግን የዳኛውን ጭንቅላት ይዛ ጆሮውን ታሻሸለት ጀመር።

«ክትባቱ?» ብላ ጠየቀች ሐኪሟ፣ ቁስሉን እያጠበች።

«በየዓመቱ ይከተባል፤ አንድም ዓመት አላለፈውም» አለ አባት። «ልጄን ግን ነክሶብኛል።»

«ልጁን የሰው ሐኪም ይየው። ይሄ ውሻ ግን እዚህ ቦታ ላይ ሲነኩት እኔም ብሆን እነክስ ነበር።»

ሲመለሱ ዳኛው ቁስሉን እንዳይልስ የመብራት ሽፋን የመሰለ የፕላስቲክ አንገትጌ አጥልቆ እግሯ ላይ ተኝቷል። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። «ራዲዮ! የዛሬው ጉዞስ?» ይላል። መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«መጋዘኑ...» ብላ ጀመረች።

«የተነከሰው የእናትሽም ልጅ ነው» አለ አባት፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ይቆይ ወይ ይሂድ የምትለው እሷ ናት። ግን የምታውቀው ውሻው መንከሱን ብቻ ነው።»

በሩ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ከውጭ ይሰማል። ዷ! ዷ! አባት ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱም ለአፍታ አዳመጡ።

«ልንገርልሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

ራዲዮ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ዳኛውን አንገትጌው በሩን እንዳይመታው አቅፋ ገባች። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ ሰማያዊ ሴራሚክ ተሰብሮ ወጥቷል፤ ቧንቧ ሠሪው ተንበርክከው ለሁለተኛው መዶሻቸውን ከፍ አድርገዋል። እናት አሁንም ፎጣዋን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች ናት።

«ጋሼ፣ መዶሻዎን አንዴ ያቁሙልኝ» አለች ራዲዮ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጭን ሆነባት። «ቧንቧው ምንም አላጠፋም።»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ቧንቧ ሠሪው ዞረው ልጅቷን አዩ፤ ከዚያ በአንገትጌው መሐል የተሸበሸበውን ግንባር አዩ።

«እማዬ፣ ከአሥራ ስምንት ቀን በፊት...»

እናቷ ፎጣውን ከአፍንጫዋ አወረደች።