የአስር ቤት በየት በኩል ነው?

መምህር ፊልጶስ የሞቱት ፀዳ ከተማ ካለው ቤታቸው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ነበር። ዓይናቸው ጠፍቶ ማስተማር ካቆሙ ወዲህ ያቺን ወንበር ብዙም አይለቋትም። ኢንስፔክተር ሸዋረጋ ስትደርስ ራሳቸው ወደ ጠረጴዛው ዘንበል ብሏል፤ እጃቸው ሂሳብ ሲያስተምሩ በኖሩባቸው ስንጥሮች ላይ አርፏል። በግራቸው በአስር በአስር የታሰሩት፣ በቀኛቸው ነጠላዎቹ ተደርድረዋል። አጠገባቸው የልብ መድኃኒታቸው ቆሟል፤ በጠብታ የሚወሰድ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ልጃቸው ህሩይ ኢንስፔክተሯን ወደ በር ወሰዳት።

«እህቴን ይጠይቋት። ነርስ ናት፤ መድኃኒቱን የምትሰጠው እሷ ነች። አዲስ አበባ ሄደህ ታከም ብትለው እምቢ አላት። ትናንት ‹እንግዲያው ሙት!› ስትለው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

ፅዮን አልካደችም።

«ብያለሁ። ተናድጄ ነው። ግን ሌሊቱን ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ፤ እኔ በሌለሁበት የምትሰጠው አክስቴ ናት። ሐኪሙ የጠብታውን ቁጥር ስለቀየረው ጠዋት ለአክስቴ መልእክት ላክሁላት።»

ስልኳን አሳየቻት። 14 ከሚል ቁጥር በቀር ምንም የለበትም።

«ለምን አልደወልሽላትም?»

«አባባ ቁጥር እያስተማራት ነበር። ራሷ አንብባ ደስ ይበላት ብዬ።»

አክስቲቱ ይመኙሽ ወንድሟን ልታስታምም ከመካነ ብርሃን የመጣች፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«የላከችልኝን ነው የሰጠሁት። አንዲት ጠብታ ሳላዛንፍ ቆጥሬ። አያ ፊልጶስ ‹ዛሬስ መረረኝ› አለኝ። ‹ምነው፣ ጠጣው እንጂ፤ ሸጋ ያደርግሃል› አልሁት።»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ውጤት ሲመጣ መምህሩ የወሰዱት መድኃኒት ከታዘዘው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሸዋረጋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ህሩይ ጣቱን ወደ ፅዮን ቀሰረ።

«አላልኩም? እሷ ናት!»

«ይቀመጡ አቶ ህሩይ» አለችው። «ጠርሙሱ የዚያን ዕለት ጠዋት የተከፈተ አዲስ ነው። ፅዮን እስከ ሞታቸው ድረስ ሆስፒታል እንደነበረች ባልደረቦቿ መስክረዋል። እርስዎም የመጡት ከሞቱ በኋላ ነው። ጠርሙሱን የነካው አንድ እጅ ብቻ ነው። ሊገድል የፈለገ ሰው ደግሞ ይገለብጠዋል እንጂ ጠብታ አይቆጥርም።»

ከሟቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ይመኙሽንም ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት።

«እትዬ ይመኙሽ፣ ሲያስተምሩዎት የት ነበር የሚቀመጡት?»

«እዚሁ። እንዲህ ፊት ለፊት።»

«የአስር ቤት በየት በኩል ነው አሉዎት?»

«በዚህ በኩል» አለች፤ ቀኝ እጇን ዘረጋች። «እስሮቹን እየዳሰሰ ‹አስሮች በዚህ በኩል፣ ነጠላዎች በዚያ በኩል› ይለኝ ነበር።»

ሸዋረጋ ወረቀት ላይ 14 ጽፋ ሰጠቻት። «ይህን በአስርና በነጠላ ይበትኑልኝ።»

ይመኙሽ ትምህርቷን የሚጠይቃት ሰው በማግኘቷ ፊቷ ለአፍታ ፈካ አለ። «አራት አስሮች፣ አንድ ነጠላ። አርባ አንድ።»

ፅዮን አፏን በእጇ ያዘች።

«መምህሩ አልተሳሳቱም» አለች ሸዋረጋ በዝግታ። «አስሮቹን በግራቸው ነው ያኖሩት። ግን የእሳቸው ግራ ለእርስዎ ቀኝ ነበር። ዓይናቸው ቢያይ ኖሮ እርስዎ ሲያነቡ ሰምተው፣ ቁጥሩንም አይተው ያርሙዎት ነበር። አስራ አራቱ ጠብታ አርባ አንድ የሆነው በዚህ ነው።»

ህሩይ እህቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ይመኙሽ አልጮኸችም። የቆጠረችባቸውን ጣቶቿን ስታይ ቆየችና ወደ ፅዮን ዞረች።

«አሞት ይሆን? ሲሄድ አሞት ይሆን፣ ልጄ?»

ፅዮን ያ መድኃኒት ሲበዛ ልብን ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ከአክስቷ እግር ሥር ተንበርክካ እነዚያን ጣቶች ያዘች።

«አላመመውም አክስቴ። እንቅልፍ ነው የወሰደው።»

ሸዋረጋ የሐኪሙን ውጤት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።