ጦረኛው በየት ይግባ

ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት። መጀመሪያ ይኼ ይታወቅ። ተከታታይ ፊልሙ ድንገት ተቋርጦ፣ ከገዛ ፕላኔቱ የተባረረው የጠፈር ጦረኛ ጨለማው ውስጥ ብቻውን ሲንሳፈፍ የቀረ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ጥቂት ቀን አዝኖ ረሳው። «ለምን ቀሪውን እኛ አንጽፈውም?» ያለችው ሚጢጢ ናት፣ ሌላ ማንም አይደለም። አሁን ግን ሁለቱ ጓደኞቿ ከአፍ ላይ እየተነጣጠቁ ይከራከራሉ፤ የሷ ሥራ የእነሱን ቃል በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ መገልበጥ ብቻ ሆኗል። አፏን በከፈተች ቁጥር አንዳቸው ይቀድሟታል።

«ሚጢጢ፣ ይኼን ጻፊ» አለ ረጅሙ፣ እግሩን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት በርጩማው ላይ እየተጣመመ። «ጦረኛው መርከቧን በሙሉ ፍጥነት ይነዳትና የፕላኔቷን መከላከያ ግድግዳ በርቅሶ ይገባል። ድም! አለቀ።»

«ምኑ ነው ያለቀው? ገብቶስ?» አለች ዶክተር። ዶክተር የተባለችው በሽተኛ አይታ አይደለም፤ መነጽር ስለምታደርግና ማንም ሳይጠይቃት ሰው ስለምታርም ነው። «ግድግዳውን ከሰበረማ ያው ጠላት ሆነ። ይልቅ ንጉሡ ይሙትና አዲሱ ንጉሥ ምሕረት ያድርግለት።»

«ንጉሡ አይሙት» አለች ሚጢጢ።

«ለምን?» አለች ዶክተር።

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ መልስ ነው እንዴ? ጸሐፊ ከሆንሽ ዝም ብለሽ ጻፊ፤ ሐሳብ ካለሽ ደግሞ ምክንያት አምጪ።»

ሚጢጢ ምክንያት ነበራት። የሚነገር ስላልሆነ ነው እንጂ።

የተቀመጡት አባቷ ሱቅ ውስጥ ነው። አባቷ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ሱቅ ይባል እንጂ፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ቆሞ የሚያወራበት ጉሮኖ ነው። ግድግዳው ላይ ያልተቀረጹ ቁልፎች በየዓይነታቸው ተሰቅለዋል፤ ባንኮው ላይ የመቅረጫው ማሽን ተጎልቷል፤ የብረት ብናኙ የማይገባበት የለም፣ ደብተርም ጸጉርም አይቀረውም። አባቷ ሰው ቤት ለሥራ ሲጠራ ሱቁን የሚጠብቀው ወንድሟ ነበር። አሁን እሷ ናት።

«ወንድምሽ አልተመለሰም?» ብለው ጓደኞቿ ሲጠይቋት፣ «ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል» ትላለች። ውሸቷን ነው። ወንድሟ ከሱቁ ዝቅ ብሎ፣ ጎማ ጠጋኝ ጓደኛው ጋ፣ የጎማ ክምር ተደግፎ ነው የሚያድረው። ነገ ጠዋት ግን ውሸቷ እውነት ሊሆን ነው፤ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በረዳትነት ሊወስደው ቃል ገብቶለታል። አንዴ ከሄደ እንደማይመለስ ሚጢጢ ታውቀዋለች። ግትርነቱን ከማን ወረሰውና!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፍ ቀራጭ ሕግ አለው፤ አባቷ እንደ ጸሎት ይደጋግመዋል። «ቁልፌ ጠፋብኝ፣ ቤቴን ክፈትልኝ» የሚል ሰው ከመጣ፣ አንድ ጎረቤት አጠገቡ ቆሞ «አዎ፣ ቤቱ የሱ ነው» እስካላለ ድረስ በር አይከፈትም። ሰውየው ቢያለቅስም፣ ቢምልም፣ ዝናብ ቢወርድበትም አይከፈትም። ታዲያ አንድ ቀን ወንድሟ ብቻውን ሳለ አንድ ሽቅርቅር ያለ ሰውዬ እያለከለከ መጣና «ሕፃኗ ውስጥ ተቆልፎባታል!» አለ። ወንድሟ «ሕፃን» የሚለውን ሲሰማ ዕቃውን አፈፍ አድርጎ ሮጠ። ጎረቤት አልጠየቀም። ከፈተ። ሕፃንም አልነበረችም፤ ቤቱም የሰውዬው አልነበረም። ባለቤቶቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ግድግዳ ነው።

ፖሊስ መርምሮ ለቀቀው። አባቱ ግን አልለቀቀውም። «ዕድሜዬን ሙሉ ያቆምኩትን ስም!» ብሎ ልብሱን በከረጢት ደጅ አወጣለት፤ በዚያው ቀን የቤቱን ቁልፍ ነቅሎ አዲስ ገጠመ። እናቷ ምን አለች? ምንም። የልጇን ሸሚዝ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ አጣጥፋ ታስቀምጣለች፤ ማንም ያልለበሰውን ያንኑ ሸሚዝ በሳምንቱ ደግሞ ታጥባለች። ጨርቁ ሊያልቅ ነው።

«የተባረረ ሰው ታዲያ በየት ይግባ?» አለ ረጅሙ።

«ማነው የተባረረው?»

ሦስቱም ዘለሉ። አባቷ የዕቃ ሣጥኑን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጦረኛው ነው፣ ጋሼ» አለ ረጅሙ። «የፊልም ነው። የሱን ታሪክ እየቀጠልን ነው።»

«ምን አጥፍቶ ተባረረ?»

«አንዲት መርከብ ላይ ተኩስ ሲሉት አልተኮሰም። ውስጧ ያሉት የተራቡ ስደተኞች መስለውት አዘነላቸዋ። አሳለፋቸው። ለካ ሰላዮች ናቸው!»

አባቷ ሣጥኑን ባንኮው ሥር አስገባ። «እንግዲያው ደግ አደረጉት» አለ።

«አዝኖ እኮ ነው አባዬ» አለች ሚጢጢ። ድምፅዋ ለራሷም ቀጭን ሆኖ ተሰማት።

«ማዘን ሌላ፣ ማሳለፍ ሌላ።»

«ቢሳሳትስ? ሰው አይሳሳትም?»

አባቷ ማሽኑን አስነሳው። ማሽኑ ሲጮህ ማንም ማንንም አይሰማም። ሚጢጢ አየችው፤ መቅረጫው ላይ ምንም ቁልፍ አልነበረም።

ጓደኞቿ ለምሳ ወደየቤታቸው ሄዱ። አባቷም ሊበላ ሲወጣ፣ ሚጢጢ ከግድግዳው አንድ ያልተቀረጸ ቁልፍ አወረደች። የራሷን የቤት ቁልፍ በማሽኑ በአንዱ በኩል አሰረች፣ አዲሱን በሌላው። ሌላ ምን ታድርግ? ለምናለች፣ አኩርፋለች፣ ምግብ አልበላም ብላለች። «ሲርብሽ ትበያለሽ» ተባለች፤ ራባት፣ በላች። አሁን የቀራት ይኼ ነው። ብረቱ ጮኸ፣ ብናኙ ፊቷ ላይ ተረጨ፣ ቁልፉ ተቀረጸ።

ጎማ ቤቱ ስትደርስ ወንድሟ አንድ የሚተነፍስ ጎማ ውኃ ገንዳ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል።

«ሚጢጢ! ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«የቤት ቁልፍ።»

ፊቱ በራ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበላት። «አባዬ ነው የላከሽ?»

አዎ ማለት ትችል ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «እኔ ነኝ የቀረጽኩት» አለች።

ብርሃኑ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ቁልፉን በጣቱ ዳበሰው። «ጥርሱን በሞረድ አላለሰለስሽውም። እንዲህ ከሆነ ሲዞር ይይዛል» አለና እጇ ላይ መልሶ ጣቶቿን አጠፈላት። «በዚህ ከገባሁ ሌባ ነኝ። እስከ ዛሬ ደደብ እንጂ ሌባ አልነበርኩም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ትምህርትሽን ተማሪ። ስደርስ እደውላለሁ።» ጎማውን እንደገና ውኃው ውስጥ ነከረ። ቀና ሳይል፣ «የኛ ጦረኛስ? አስገባችሁት?» አለ። ፊልሙን ሁሌም አብረው ነበር የሚያዩት፣ አንድ ብርድ ልብስ ተሻምተው።

«በየት እንደሚገባ ጠፍቶናል።»

«እኔም ጠፍቶኝ ነበር» አለ። «ያ ግድግዳ ከውጭ አይከፈትም እኮ።»

ከሰዓት በኋላ ሚጢጢ እስክሪብቶዋን ይዛ ሱቁ ውስጥ ተመልሳ ተቀምጣለች፤ አባቷም ከምሳ ተመልሶ ባንኮው ጋ ነው። ረጅሙና ዶክተር ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ረጅሙ አሁን ጦረኛውን ከመሬት በታች በዋሻ ሊያስገባው ይፈልጋል፣ ዶክተር ደግሞ ፊቱን አስቀይራ። «እንዲያውም ይሙት!» አለች በመጨረሻ ተሰላችታ። «አሳዛኝ ነገር ሰው ይወዳል። ጻፊ ሚጢጢ፣ በሩ ላይ ሞተ።»

ሚጢጢ አልጻፈችም። ኪሷ ውስጥ ያለው ቁልፍ ጭኗን ይወጋታል።

ያን ጊዜ አንዲት ሴት በገበያ ዘንቢልና በጭንቀት ተሞልታ ደረሰች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ በቤት ነጠላ ጫማ ይጎተታሉ። «ቁልፌን ከውስጥ ረስቼ በሩን ዘጋሁት! ድስት ጥጄ ነው የወጣሁት፤ ቶሎ በልልኝ!» አለች።

አባቷ ሴትዮዋን ቀና ብሎም አላያት። ሽማግሌውን ነው ያየው። «ቤቱ የሷ ነው?»

«የሷ ነው። ከኔ ግድግዳ ቀጥሎ። ስትዘፍን እንቅልፍ የምትነሳኝ እሷው ናት።»

«አባባ ደግሞ!» አለች ሴትዮዋ።

አባቷ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሣጥኑን ከባንኮው ሥር ስቦ ተከተላቸው።

ሚጢጢ ከኋላቸው ቀረች፣ ባዶውን በር እያየች። ሴትዮዋ እኮ ምንም አላስረዳችም። ለምን እንደረሳች፣ ሁለተኛ ትርሳ አትርሳ፣ ማንም አልጠየቃትም። አንድ ሰው አጠገቧ ቆሞ «የሷ ነው» አለ፤ በቃ።

«ሚጢጢ፣ ተኛሽ እንዴ?» አለች ዶክተር። «በሩ ላይ ሞተ ብለሽ ጻፊ አልኩሽ እኮ።»

«አልጽፍም።» እስክሪብቶውን ዶክተር ጭን ላይ አኖረችው። «ራስሽ ጻፊ። ደግሞ አይሞትም።»

«ምን ሆነች ይቺ?» አለ ረጅሙ።

«ወንድሜ ሌላ ከተማ አልሄደም» አለች ሚጢጢ። «ዋሽቻችሁ ነው። አባቴ አባሮት ጎማ ቤት ነው የሚያድረው። ነገ ግን ይሄዳል።»

ዶክተር እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች፤ ረጅሙ በርጩማውን ወደ ሚጢጢ አስጠጋ።

አባቷ ሲመለስ ፀሐይዋ ደጁን ለቅቃ ነበር። ሣጥኑን እንዳንጠለጠለ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ገባ። ሚጢጢ በባንኮውና በሱቁ በር መካከል ቆማለች። እምቢ እንደሚል ታውቃለች፤ እምቢ ካለ የምትሄድበት ሌላ መንገድ የላትም። ከኪሷ ቁልፉን አውጥታ ባንኮው ላይ አስቀመጠችው።

«ይኼ ምንድነው?» አነሣው። የራሱን ሥራ ያውቃል፤ የማን በር እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላየውም። «ማን ነው የቀረጸው?»

«እኔ። ወሰድኩለት። አልፈልግም አለ። በዚህ ከገባሁ ሌባ ነኝ አለኝ።»

አባቷ ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ፣ እንደ ልማዱ፣ እጁ ወደ ማሽኑ ማስነሻ ሄደ። ተጫነው። ዝም። ደግሞ ተጫነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ሽቦው በሚጢጢ እጅ ላይ ተጠምጥሟል።

«ሽቦውን መልሺ።»

«አንድ የተቆለፈበት ሰው አለ፤ ራሱ ቆልፎ የወጣ አይደለም» አለች። ድምፅዋ አሁንም ቀጭን ነበር፤ ሆኖም ሱቁ ጠባብ ነውና ሁሉም ጥግ ደረሰ። «ምስክር ካመጣ ትከፍታለህ፣ አይደል? ሕጉ ይኼ ነው። ለማታውቃት ሴትዮ ከፍተሃል።»

«ሚጢጢ…»

«እኔ ከግድግዳው ቀጥሎ ነው የምተኛው። ሲያንኮራፋ እንቅልፍ የሚነሳው እኔን ነው። ቤቱ የሱ ነው። እኔ ቆሜያለሁ።» አባቷ የዕቃ ሣጥኑን ወደ መሬት ሊያወርድ ጎንበስ ሲል፣ እጀታውን ከእጁ ጋር አንድ ላይ ያዘችው። «አታስቀምጠው አባዬ። ሣጥንህን ይዘህ ና፤ ክፈትለት።»