የአሮጊቷን ባትሪ ማን ጨረሰው?

«ግፊ! ኧረ በደንብ ግፊ፤ ቁርስ አልበላሽም እንዴ?»

«በልቻለሁ! አንተ ነህ እንጂ የተደገፍካት!» አለች ጥያቄ፣ ትከሻዋን ከመኪናዋ ጀርባ ሳታነሳ። አባቷ ከጎኗ ሆኖ እያለከለከ ይገፋል። መሪውን የያዙት አያቷ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርጉት መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፣ አሳላት፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍታባቸው ተነሳች።

ጥያቄ የቤት ስሟ ነው። አፏን ስትፈታ የመጀመሪያ ቃሏ «ለምን?» ነበር ይባላል። መኪናዋን ደግሞ ቤተሰቡ «አሮጊቷ» ይላታል፤ ዕድሜዋ ከአባቷም ይበልጣል። አያቷ የአውቶቡስ ሹፌር ሳሉ የገዟት ናት፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቋት። ሰሞኑን ግን ሁለት ቀን ቆማ ከዋለች ባትሪዋ ሙልጭ ብሎ አልቆ ይገኛል።

አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። «አባባ፣ መብራቱን አጥፍተው ነበር?»

«አጥፍቻለሁ።»

«ባለፈው ሳምንትም አጥፍቻለሁ ብለውኝ ነበር።»

«ያኔም አጥፍቼ ነበራ።»

«አይቀየሙኝና፣ ዕድሜ ነው። ዛሬ መብራት የረሳ ሰው ነገ ፍሬን ቢረሳስ? ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን።»

አያቷ መሪውን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። ጥያቄ ሲቆጡ ታውቃለች፤ አሁን ግን አልተቆጡም፣ እሱ ነው ያስደነገጣት።

«እስከ ማታ ስጠኝ» አሉ። «ከዚህች መኪና ውስጥ ተደብቆ የሚጠባት ነገር አለ። ካላገኘሁት ቁልፉን በገዛ እጄ አስረክብሃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«የእኛ ባትሪ ግን እያደር ይሞታል» አለ አባቷ። የሥራ ሰዓቱ ረፍዶበት ስለነበር ታክሲ ፍለጋ ሄደ።

አያቷ ግን መብራት የሚረሱ ሰው አይደሉም። መኪና አቁመው ሲወርዱ አንዴ ዙሪያዋን ሳይዞሩ ቤት አይገቡም። መብራቶቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮክ ብለው ይጠራሉ። «የፊት፣ ጠፍቷል! የኋላ፣ ጠፍቷል! የጣሪያ፣ ጠፍቷል!» ከአውቶቡስ ዘመናቸው የቀረ ልማድ ነው። የሰፈሩ ልጆች እየተከተሉ ሲያሾፉባቸው ጥያቄም አብራ አሹፋባቸው ታውቃለች።

እስከ ምሳ ድረስ ባትሪው እንዲሞላ ሲነዷት ቆዩ። ከምሳ በኋላ ግቢ ውስጥ አቁመው ሞተሩን አጠፉና አሮጌ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተራቸውን አወጡ። በር ሲከፈት የጣሪያው መብራት እንዳይበራ የበሩን ማብሪያ በፕላስተር ጠፍረው አሰሩት። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተው በመካከሉ ቴስተሩን ገጠሙት።

«ነይ እይ። ስንት ይላል?»

«ዜሮ ነጥብ አራት።»

«አየሽ? ሁሉም ነገር ጠፍቶ እንኳ አንድ የሚጠባት ሌባ አለ። አንቺ ውስጥ ግቢና ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀዪ። እኔ ቁጥሩን አያለሁ። ቁጥሩ የወረደ ለታ ሌባው ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው። ነቅለሽ ያላየሁትን ፊውዝ ቦታው እንዳትመልሺ።»

ጥያቄ ተንጋላ ከመሪው ስር ገባች። ሥራው ደስ ብሏታል። «ነቀልኩ!» ትላለች፤ ከኮፈኑ ወዲያ «ያው ነው፣ መልሺው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እንዲህ እየተባባሉ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ አያቷ እንደ ልጅ ጮኹ።

«ወረደ! ዜሮ ገባ! እሱን መልሺውና ስሚኝ። በእሱ መስመር ያሉት ሦስት ናቸው። ሰዓቱ ከሞተ ስንት ዘመኑ። የጣሪያውን አስረነዋል። የቀረችው የክሩስኮቱ፣ ከተሳፋሪው ፊት ያለችው የዕቃ ሣጥን መብራት ናት። እስቲ ክፈቻት።»

ጥያቄ የያዘችው ፊውዝ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። መለሰችው፤ ሣጥኗን ግን አልከፈተችም።

እዚያች ሣጥን ውስጥ ያለው ስልክ ነው። እናቷ «ፈተና እስኪያልቅ ስልክ የሚባል ነገር እንዳላይ» ብላ የራሷን ስትወስድባት፣ ጓደኛዋ ከቤት ደብቃ አንድ አሮጌ ስልክ አዋሰቻት። ማታ ማታ «መኪና ውስጥ ጸጥታ አለ፣ ላጥና» እያለች ትገባና ስታወራበት ታመሻለች። ስልኩ ሲገባ ክዳኑ አልገጥም ስላላት ካርቶን አጣጥፋ ወትፋበት ነበር። ከውጭ ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል።

ቀስ ብላ ከፈተች። ከካርቶኑ ኋላ ጥፍር የምታክል አምፖል ቦግ ብላለች። ክዳኑ ሲዘጋ ተጭኖ መብራቱን የሚያጠፋው ማጥፊያ አጠገብ ካርቶኑ ተደንቅሮ፣ ክዳኑ ማጥፊያውን ሊጫነው አልደረሰም። ጥያቄ አምፖሏን ነካ አደረገቻት፤ ጣቷን አቃጠላት።

ስልኩንም ካርቶኑንም ኪሷ ከተተችና ክዳኑን ገፋችው። «ቀጭ!» አለ።

«ምን አደረግሽ?» አሉ አያቷ። «አሁን ደግሞ ፊውዙ እያለ ዜሮ አለ።»

«ምንም። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።»

«ክዳኗ ገርበብ ብላ ነበር እንዴ?»

«አይ... ግጥም ብላ ነው የነበረችው።»

አያቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉና እንደገና አጠለቁት። ሌላ ፊውዝ አስነቀሏት፣ በር አስከፈቷት፣ አዘጓት። ቁጥሩ ወይ ፍንክች። «ቅድም አራት አይቼ አልነበረም?» አሉ። «አይ፣ አንቺም አይተሻል... ወይስ ሌላ ቀን ነው?»

ጥያቄ «አይቻለሁ» ማለት ነበረባት። በመዳፏ ኪሷን ሸፈነች። ስልኩን እናቷ ብታገኘው ነገሩ በእሷ ብቻ አያበቃም፤ ለጓደኛዋ እናት ይደወላል፣ ጓደኛዋም ዳግመኛ አታናግራትም። ደግሞ ሌባው ከመኪናዋ ወጥቷል። ከእንግዲህ ባትሪው አያልቅም። ማንን ይጎዳል?

አባቷ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። አያቷ ቴስተሩን ሳይፈቱ፣ ኮፈኑ እንደተከፈተ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ምንም ሳይጠይቃቸው ቁልፉን ዘረጉለት።

«ልክ ነህ» አሉት። «ሌባ የለም። ዛሬ ያየሁትን ቁጥር እንኳ አየሁት ብዬ አልምልም። ዓይኔን ካላመንኩት መሪ ላይ ምን እሠራለሁ?»

አባቷ ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር። ቁልፉን መዳፉ ላይ አድርጎ «አባባ፣ እኔ እነዳልዎታለሁ፤ የፈለጉበት አደርስዎታለሁ» አለ።

ጥያቄ ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። ባትሪው ነገ አያልቅም፣ ከነገ ወዲያም አያልቅም። ቤተሰቡም ይህን እያየ «አያችሁ፣ ቁልፉን ከተቀበልናቸው ወዲህ ደህና ሆነች» ይላል። አያቷ ራሳቸውም ያምኑታል። በመዳፋቸው የነኩትን መብራት ሳይቀር ረስተው እንደሆነ ዕድሜ ልካቸውን ይጠራጠራሉ። አፈረች።

«አባዬ፣ ቁልፉን ኪስህ አትክተተው» አለች። «መጀመሪያ ቴስተሩን እይልኝ።»

«አሁን ደግሞ ምን ልትጠይቂ ነው?»

«አልጠይቅም። ብቻ እየው።»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ፣ ማንም ሳያያት፣ ስልኩን ሣጥኗ ውስጥ መለሰች። ካርቶኑን እንደ ነበረው አጥፋ ወተፈችና ክዳኑን ገፋችው። ከዚያ ወጥታ ከፊት ጀምራ መብራቶቹን በመዳፏ እየመታች መዞር ጀመረች።

«የፊት፣ ጠፍቷል!» አለች ጮክ ብላ።

አያቷ ከዱካቸው ቀና አሉ።

«የኋላ፣ ጠፍቷል! የጣሪያ፣ ጠፍቷል! አባዬ፣ ስንት ይላል?»

«ዜሮ ነጥብ አራት» አለ አባቷ። ወደ ቴስተሩ ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየው። «አራት ነው፣ አባባ።»

አያቷ ተነሥተው መጡ። ጥያቄ ሁለቱም በደንብ እንዲያዩ ከበሩ ፈቀቅ አለችና ክዳኑን ከፈተችው። ትንሿ አምፖል የጓደኛዋን ስልክ ወለል አድርጋ ታሳያለች።

«የሣጥኗ፣ አልጠፋም» አለች።