ነዳጅ ጠጥታ አልነሳ ያለችው መኪና

ድንቡሼ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ይህ የቤት ስሟ ነው፤ ጉንጮቿን ብታዩ ለምን እንደወጣላት አትጠይቁም። የምትኖረው ከአባቷና ከእናቷ ጋር፣ ከዳቦ ቤት ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በራቸው ላይ አንዲት አረንጓዴ መኪና ትቆማለች። ዕድሜዋ ከአባትየው ስለማይተናነስ ቤተሰቡ “አሮጊቷ” ይላታል።

አባቷ አሮጊቷን በጣም ይወዷታል። ሌባ እንዳይወስድባቸው ብለው ከመሪው ሥር፣ በማይታይ ቦታ፣ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አስገጥመዋል። እሷ ከጠፋች ነዳጅ ወደ ሞተሩ አይሄድም፤ መኪናዋ ትንሽ ታጉረመርምና ቀጥ ትላለች። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ይላሉ አባቷ። ማታ ያጠፏታል፣ ጠዋት ያበሯታል። ይህን የሚያውቁት አባት፣ እናትና ድንቡሼ ብቻ ናቸው። ድንቡሼም “ምስጢር ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ፤ እንዳትነኪያትም” ተብላለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ ነዳጅ ሊቀዱ ወደ ማደያ ሄዱ። ነዳጅ ቀጂዋ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ የሆነ ወጣት ሴት ነበረች። የሥራ ሸሚዟ ስለሰፋት እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች። ድንቡሼን “እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ?” ብላ መቅዳት ጀመረች። አባትም ውኃ ሊገዙ ወደ ሱቁ ገቡ።

ድንቡሼ መኪና ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ምን ያደረገች ይመስላችኋል? አዎ፣ ወደ ሹፌሩ ወንበር ተሸጋገረች። እንዳትስቁባት፤ እናንተም ታደርጉታላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። መሪውን ይዛ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ወደ ግራ ዞረች። ከዚያ ጣቷ ቀስ እያለ ከመሪው ሥር ገባ። ማብሪያዋን አንድ ጊዜ ቀጭ አደረገቻት። ደግማ ቀጭ። ደግማ ደጋግማ ቀጭ። ስንት ጊዜ እንደነካካቻት ጠፋት። አባቷ ሲመጡ ስታይ ዘላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

አባቷ ቁልፉን አዞሩ። አሮጊቷ ተነሳች፤ ወዲያው አጉረመረመችና ቀጥ አለች። እንደገና ሞከሩ። ክርር ክርር ብቻ።

“ምን ነካት? አሁን ደህና አልነበረች?” አሉ። ማብሪያዋን ጠዋት ራሳቸው ስላበሯት እሷን አልጠረጠሩም።

ከጎን ካለው ጋራዥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተጠሩ። የሞተሩን ኮፈን ከፈቱ። “ባትሪው ደህና ነው” አሉ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካኩ፤ እነሱም ደህና ናቸው። ራሳቸውን አከኩ።

“ነዳጅ ከመቅዳትዎ በፊት ትሠራ ነበር?”

“እንደ ሰዓት።”

“እንግዲያው ነዳጁ ነው። ወይ ውኃ ገብቶበታል፣ ወይ ሌላ ዓይነት ቀድታልዎታለች። ታንኩን አውርደን መድፋት ነው።”

አባት ተቆጥተው ወደ ነዳጅ ቀጂዋ ዞሩ። “ምንድን ነው የቀዳሽልኝ?”

“ቤንዚን ነው ጋሼ። እግዜር ያውቃል።”

የማደያው ኃላፊ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። “ገና በሁለት ሳምንትሽ የሰው መኪና አበላሸሽ? በቃ፣ ሸሚዙን አስረክቢና ወደ ቤትሽ” አሉ። ነዳጅ ቀጂዋም አንገቷን ደፍታ ወደ ቢሮው ሄደች።

ድንቡሼ ሁሉንም ሰማች። “ምስጢር ነው ተብያለሁ፤ ብናገር ጥፋት ይሆንብኛል” አለች ለራሷ። ብልጠቷን አያችሁ? “አትናገሪ” መባሏን አስታውሳ “አትንኪ” መባሏን ረሳችው። እንዲህ ያለ መርሳት ለሁላችንም ይቀናናል። ሆኖም በመስኮቱ ወደ ቢሮው አየች። “እግዚአብሔር ሆይ፣ እርዳኝ” ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ወረደችና የአባቷን ኮት ጎተተች። ጎንበስ ሲሉላት በጆሯቸው “አባዬ፣ ማብሪያዋን ነካክቻታለሁ” አለች።

አባቷ መኪና ውስጥ ገብተው እጃቸውን ከመሪው ሥር ሰደዱ። ቁልፉን ሲያዞሩ አሮጊቷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነሳች። መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ “የነካካሁት ሽቦ ነው፤ እጄ መድኃኒት ነው” አሉ። አባት ሳቅም እፍረትም ያዛቸው።

“ግቢ፣ እንሂድ። ቤት እንነጋገራለን” አሉ ቀስ ብለው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል። ድንቡሼ እውነቱን ተናግራለች፤ መኪናዋም ተነስታለች። እሷ ግን አልገባችም።

“አባዬ፣ የቀዳችልን እህትስ?”

አባቷ ዓይናቸውን ወደ መሪው መለሱ። ትልቅ ሰውም ያፍራል፣ ልጆች። በሰው ፊት ተቆጥቶ፣ በዚያው ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ከባድ ነው። ከዚያ ሞተሩን አጠፉ፤ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ቢሮው ሄዱ።

ነዳጅ ቀጂዋ ሸሚዙን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ በሩ አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች። ድንቡሼ “እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አባዬ የከለከለኝን ነክቼ ነው መኪናዋ የቆመችው። ነዳጁ ደህና ነው። ይቅርታ” አለች።

“እኔም ሳላጣራ ተቆጣሁሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ” አሉ አባቷ።

እዚያው የነበሩት ኃላፊም ሸሚዙን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሰጧት። “ልበሺ፤ ሰው ተሰልፎ ይጠብቅሻል። እኔም ቸኩዬ ፈርጄብሻለሁ” አሉ።

እሷ ግን መጀመሪያ ተንበርክካ ድንቡሼን እቅፍ አደረገቻት። “እንኳን ነገርሽኝ፣ የኔ እናት። እኔ እኮ በእውነት ያበላሸሁት መስሎኝ ነበር” አለቻት።

ልጆች፣ ስናጠፋ፣ በእኛ ጥፋት የተወቀሰው ሰው ነጻ እስኪወጣ ድረስ እውነቱን እንናገር።