የዘይነብ መደብ

በነገሩ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልንገርህ፦ ባለቤቴ ጫልቱ፣ ልጃችን ሲፈን፣ ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችን ዘይነብ፣ እና እኔ። ሌላ ሰው ነበር ወይ ለሚለው፣ እስከ መጨረሻው ስማኝና አንተው ፍረድ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ለብቻዬ ከመጽሐፍ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ጋኔን አየሁ የሚለኝን ሁሉ "ምን ጠጥተህ ነበር?" ነው የምለው፣ ልጄንም ያሳደግኳት እንደዚሁ ነው። እዚህ ነቀምቴ፣ ግቢያችን ውስጥ ለአትክልት የጣውላ መደቦች የሠራሁትም ማንም ሳያሳየኝ ነው፣ እንደ ጠረጴዛ እግር ያላቸው፣ አፈር የተሞሉ ሳጥኖች በላቸው፣ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው ከመሬት ከፍ አደረግኳቸው፣ ምስጥ እንዳይወጣባቸው ደግሞ እግሮቻቸውን የተቃጠለ ዘይት ቀባሁ። ከሥራቸው ድመት ብታልፍ ትታያለች፣ ይህን ልብ በልልኝ።

ዳር ያለውን መደብ ለዘይነብ ሰጠኋት። ከኪራሙ ግጭት ስትሸሽ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ነጭ ሽንኩርት ተከለችበት። ባሏ ይማም በዚያ ግርግር ተለይቷት የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። ደሴ ያሉ ዘመዶቿ ነይ ቢሏት አሻፈረኝ አለች። "ከተበታተንን ነቀምቴ እንገናኝ ብሎኛል ጋሼ፣ መናኸሪያ ላሉት ሁሉ የእናንተን ቤት ነግሬያለሁ፣ ከዚህ ከወጣሁ በየት ያገኘኛል?" ትለኝ ነበር።

በበጋው ውሃ በፈረቃ ሆነ፣ እኔም የውሃ በርሜላችንን ክዳን ቆለፍኩ፣ ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም። ያኔ ነው የዘይነብ መደብ ብቻ ርጥብ ሆኖ ማግኘት የጀመርኩት፣ የእኔ ጎመን ጠውልጎ የእሷ ሽንኩርት ሰኔ የመጣለት ይመስላል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደግሞ ከጓሮ የወንድ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ፣ "እህህም" ብሎ፣ ሰው ቤት ሊገባ ሲል እንደሚያደርገው። ወጥቼ አየሁ፣ ማንም የለም። አልደብቅህም፣ ወንድ ታስገባለች ብዬ ጠረጠርኩ።

"ዘይነብ፣ ሴት ልጅ ያለችበት ግቢ ነው ይሄ" አልኳት። "ሰውዬሽን ከነባልዲው አስወጪልኝ፣ አለዚያ ክፍሌን ልቀቂ።"

"ወላሂ ጋሼ፣ የምን ሰውዬ?"

"ሽንኩርትሽን የሚያጠጣው!"

ጫልቱ ሳቀች። "አባ ሲፈን፣ ውሽማ ውሃ ተሸክሞ ሲመጣ የት አየህ? እንደዚያ ዓይነት ካለ ለእኔም ፈልግልኝ።"

እኔ ግን አልሳቅሁም። በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ የግቢውን በር ቆለፍኩና አራታችንም ከመደቦቹ ፊት ለፊት ተቀመጥን፣ ዘይነብን ከአጠገቤ አላራቅኳትም።

እመነኝ፣ መጀመሪያ የሰማነው ጠብታ ነው፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ከመደቡ ሥር። ሲፈን "አባዬ፣ አፈሩን እየው" አለችኝ። ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ አፈሩ እየጠቆረ ወደ እኛ ይመጣል፣ ሰው በተበሳ ጣሳ እያርከፈከፈ ቢሄድ እንደሚሆነው፣ የሽንኩርቱም ቅጠል ተራ በተራ ዝቅ ብሎ ይነሳል። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ፣ ከጠብታው በቀር ምንም የለም፣ ከላይም ምንም የለም። ከዚያ ቆርቆሮ በጣውላው ጠርዝ ላይ ሲንኳኳ ተሰማ፣ የቀረችውን ውሃ እንደማራገፍ፣ ቀጥሎ ያ ጉሮሮ።

ጫልቱ "ያ ዋቃ!" ብላ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች። ዘይነብ አልጮኸችም፣ ሻሿን ብቻ አስተካከለች።

"ይማም ነው" አለች ቀስ ብላ። "ከጓሮ ሲመለስ እንዲህ ነው፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ሴት ካለች ትሰናዳ ብሎ።"

"በሕይወት አለ ማለት ነው?" አልኳት።

"በሕይወት ያለ ሰው በር አንኳኩቶ ነው የሚገባ፣ ጋሼ።"

ሲነጋ ጓዟን ሸክፋ ለደሴ ተነሳች። ለመንኳት፣ አዎ፣ እኔው ራሴ ለመንኳት፣ ያልኩሽን እርሺው አልኳት።

"አብሽሩ ጋሼ፣ በእርስዎ አይደለም። ነቀምቴ እንገናኝ ተባባልን፣ ተገናኘን። ከዚህ ወዲያ ማንን ልጠብቅ?"

ይኸው ሽንኩርቱ ደርሶ ቅጠሉ ወድቋል፣ የሚነቅለው የለም፣ አፈሩ ግን ዛሬም ርጥብ ነው። ስልኳ አይሠራም። ተገናኝተው ከሆነ፣ አሁን የሚመጣው ማንን ብሎ ነው? አንዳንዴ ደግሞ ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል፣ ያ የሰማነው ይማም ባይሆንስ፣ ይማም በሕይወት ኖሮ አንድ ቀን እሷን ብሎ በሬን ቢያንኳኳስ?

እንግዲህ ስደምረው የከፈልነው ይህ ነው፦ ዘይነብ ተስፋዋን፣ ጫልቱ አብራት የምታወራትን ሴት፣ ምንም አትፈራ ብዬ ያሳደግኳት ሲፈን ደግሞ ከመሸ በኋላ ጓሮ መውጣቷን። እኔም በገዛ ቤቴ፣ በር ሲንኳኳ ልጄን "ቆይ፣ አትክፈቺ" የምል ሰው ሆኛለሁ።