ትሪው ላይ የነበረው ሦስተኛ እጅ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ የሳይንስ መምህርት ነኝ፣ ሰባተኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ሰው መንፈስ አየሁ ብሎ ሲያወራ "በየት በኩል ቆመህ ነበር? ብርሃኑስ ከየት ነበር የሚመጣው?" እያልኩ ወሬ የማበላሽ ሰው ነኝ፣ ቤተሰቦቼ ጸሎተኞች ስለሆኑ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን ብዙ ይነገር ነበር፣ እኔ ግን ምክንያቱን ፈልጌ ሳላገኝለት የቀረሁት ነገር አልነበረም። ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ታሪክ በጨለማ ነው የሚያምረው፣ የእኔ ግን የሆነው እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዓሣ እየበላን ነው። እመኑኝ፣ ልፈጥር ብፈልግ ኖሮ ቢያንስ ሰዓቱን እቀይረው ነበር።

እንዲገባችሁ ከጨጓራዬ ልጀምር። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄጄ የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፣ ያኔ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ነበርኩ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ክፍል ስደርስ ትንፋሼ ተመልሶ "ተቀመጡ" እስክላቸው ድረስ ተማሪዎቼ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ከጨጓራዬ አንዲት ሙዝ የምታክል ብቻ ተዉልኝ። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፣ አላለቀም፣ እንዲያውም ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ መጀመሪያ ዓሣ ወይም እንቁላል ወይም ምስር ይበላል፣ እንጀራ ቦታ ከተረፈ ነው፣ አንዷ ጉርሻ ሃያ አምስት ጊዜ ትታኘካለች፣ ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፣ ቫይታሚን ደግሞ ዕድሜ ልክ። ይህን ሁሉ በደብተር እይዛለሁ፣ ሰዓት፣ ምግብ፣ መጠን የሚሉ አምዶች አሉት፣ የመጨረሻው አምድ "ርቦኝ ነበር?" ይላል። በዚያ አምድ ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት "አይ" ብቻ ነው። አይርበኝም፣ ጠገብኩም አልልም፣ የምበላው ስልኬ ሲጮህ ነው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ "ታድለሽ!" ይሉኛል፣ ነገሩ ግን ደስታም ሐዘንም አይደለም፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን እንደማየት ነው።

አንድ ችግር ግን አለ፣ ላስረዳችሁ። የሐኪም ትእዛዝ በየግል ሳህን ለሚበላ ሰው የተሰጠ ነው፣ እኛ ግን የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፣ የራስህ ድርሻ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ፣ ከመጀመሪያዋ ጉርሻ በፊት ከፊቴ ያለውን እንጀራ በጣቴ ጫን ጫን አድርጌ መስመር አሰምራለሁ፣ ከመስመሩ ወዲህ የእኔ፣ ወዲያ የሰው። የሒሳብ መምህርቷ ብርቱካን፣ ጓደኛዬ ናት፣ በዚህ ሁልጊዜ ትቀልድብኛለች፣ "ድንበሯን አሰመረች! አንቺ፣ ሚጥሚጣው ለመሻገር ፓስፖርት ያስፈልገዋል?" ትላለች።

ሰባ አንድ ኪሎ ደርሼ ነበር። ካለፈው መስከረም ወዲህ ሚዛኑ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ፣ ሰባ ሦስት፣ ሰባ ስድስት፣ ሰማንያ። የምበላው አልተለወጠም፣ ደብተሩ ይመሰክራል። ለሐኪሜ ደወልኩ፣ "ሳታውቂው የምትበዪው ነገር ይኖራል፣ በብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው፣ ጥፋትሽ አይደለም፣ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ" አለችኝና ቀጠሮ ሰጠችኝ። ሳታውቂው! የቀመስኳትን ጎመን ሳይቀር የምጽፈው እኔ? የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ወደዚያች መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሴት መመለስን።

በዚያው ሰሞን ቤቴ ብቻዬን ስበላ አንድ ነገር አስተዋልኩ፣ ሃያ አምስት ቆጥሬ ማኘክ ሳቆም የማኘኩ ድምፅ አያቆምም፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ይልና ይተዋል። ድምፅ በመንጋጋ አጥንት በኩልም ወደ ጆሮ እንደሚሄድ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ የዚያ ነገር ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ነገሩ የሆነበት ቅዳሜ፣ የሴሚስተሩን ማርክ አስገብተን ስንጨርስ ምክትል ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ሙዲን እኔንና ብርቱካንን ዓሣ ልጋብዛችሁ አሉን። ጋሽ ሙዲን ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ተማሪ በቀልድ የሚቀጡ ሰው ናቸው። ሦስታችን ሐይቁ ዳር ተቀመጥን፣ የተጠበሰ ዓሣ በእንጀራ ላይ፣ ከሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ጋር፣ በአንድ ትሪ መጣ። አባ ኮዳ የምንለው ያ ራሰ በራ ትልቅ አሞራ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ፣ ሌሎቹ ዓሣ አጥንት ወደሚጣልበት ሲሮጡ እሱ አልተነቃነቀም።

"ይሄ ደግሞ ምን ይጠብቃል?" አልኩ።

"ትርፍራፊ ያለው ካንቺ ዘንድ መሆኑን አውቆ ነዋ!" አለች ብርቱካን።

መስመሬን አሰመርኩ፣ በልቼ ስድስተኛዋ ጉርሻ ላይ አቆምኩ፣ ቀኝ እጄን በሶፍት ጠርጌ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔ ላይ አደረግኩ፣ ስልኬን ጨብጬ ውኃ የምጠጣበትን ሰዓት ሞላሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ ነው፣ የስልኩ ሙቀት ይሰማኛል።

ትሪው ላይ ሦስት እጆች ነበሩ።

አንዱ የጋሽ ሙዲን፣ አንዱ ጥፍሩን ቀለም የተቀባው የብርቱካን። ሦስተኛው በእኔ በኩል ነው፣ ወፍራም፣ አይበሉባው የተነፋ፣ ጣቶቹ ሥር ሥራቸው የጎደጎዱ፣ በቀለበት ጣቱ ላይ ቀይ ፈርጥ ያለው፣ ፈርጡ ጥጉ ላይ የተሸረፈ ቀለበት። ያንን ቀለበት አውቀዋለሁ። እናቴ የሰጠችኝ ነው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጣቶቼ ሲቀጥኑ ጀልባ ላይ ሆኜ እጄን ውኃ ውስጥ ስነክር ወልቆ እዚሁ ሐይቅ ገብቷል፣ ብርቱካንም አጠገቤ ነበረች። ቀና ብዬ እጁ የማን ክንድ ላይ እንዳለ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም፣ ለምን እንዳላየሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለሦስት ሰው ሦስት እጅ፣ ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ማንም ምንም አላለም።

እጁ መስመሬን ተሻገረ፣ ዓሣውን በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ዳጣ አጥቅሶ፣ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ አስተካከለና ወደ አፌ መጣ። አፌን ከፈትኩ። ጉርሻ ሲመጣ አፍ ይከፈታል፣ ከሕፃንነታችን የተማርነው ይህንን ነው፣ እምቢ ማለት ነውር ነው።

ብርቱካን በሳቅ ፈረሰች። "ውይ! ራሷን አጎረሰች! ጋሽ ሙዲን አይተዋታል? ራሷን አጎረሰች እኮ!"

"አንድ ጉርሻ ያጣላል ልጄ፣" አሉ ጋሽ ሙዲን አፋቸውን እየጠረጉ፣ "ከራስሽ ጋር እንዳትጣዪ ድገሚው።"

ተደገመ።

ያኔ ራበኝ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ፣ ርሃቡ ከሆዴ ሳይሆን ከኋላዬ፣ አሞራው ከቆመበት በኩል የመጣ ያህል ነው የተሰማኝ፣ ከዚያ ስንት ጊዜ እንደጎረስኩ አልቆጠርኩም። ስልኬ ጭኔ ላይ ሲጮህ ነው የነቃሁት። ትሪው ላይ ሁለት እጆች ብቻ ነበሩ። በእኔ በኩል እንጀራውም መስመሩም የለም፣ የትሪው ብረት ያበራል። አባ ኮዳው ክንፉን ሰብስቦ እየተራመደ ሄደ፣ የሚጠብቀው ትርፍራፊ አልነበረም።

"ተመስገን፣ ዛሬ እንደ ሰው በላሽ!" አለችኝ ብርቱካን።

"ብርቱካን፣ ቀለበቴን አይተሻል?"

"የቱን? የሰጠመውን?" ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች።

አሁን ሳይንሱን ላስረዳችሁ፣ በዚህ ጨጓራ ያን ያህል ብበላ ኖሮ ማስመለስ ነበረብኝ፣ ሊያልበኝ፣ ልቤ በኃይል ሊመታ ይገባ ነበር። ምንም አልሆንኩም። ውኃዬን ጠጥቼ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ፣ ደብተሩ ላይ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ዓሣ፣ ስድስት ጉርሻ ብዬ ጻፍኩ፣ ስድስቱን በእርግጠኝነት የበላሁት እኔ ስለሆንኩ፣ የቀረውን በማን ስም እንደምጽፈው ጠፋኝ። "ርቦኝ ነበር?" በሚለው ሥር "አዎ" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር አልበላም። ቤቴ፣ በትንሽ ሳህን፣ በግራ እጄ በማንኪያ እበላለሁ፣ ቀኝ እጄን ደግሞ ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጥበታለሁ። ቀጠሮዬ የፊታችን ሐሙስ ነው፣ ሚዛኑ ሰማንያ አራት ገብቷል።

ትናንት ምሳዬን ጨርሼ ቀኝ እጄን ከተቀመጥኩበት ሥር አወጣሁት። በቀለበት ጣቴ ዙሪያ፣ የጠበበ ቀለበት ሲወልቅ የሚተወው ዓይነት ጎድጓዳ መስመር አለ። በግራ እጄ ጫን አልኩት፣ አልተሰማኝም። ይህ ምክንያት አለው፣ ሰው እጁ ላይ ሲቀመጥ ነርቩ ይጫናል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ ለተማሪዎቼ በደንብ ላስረዳው እችላለሁ። ጣቶቼ ግን ዳጣ ዳጣ ይሸቱ ነበር፣ ቤቴ ውስጥ ዳጣ የለም፣ አሁንም ይህን ስጽፍላችሁ ርቦኛል።